ስጸዳዳ ደም አያለሁ፤ የግድ ቀዶ ጥገና ነው እንዴ?

ባለ ሦስት እግር፦

ሰላም ናችሁ የጅማ ሰዎች። ጉዳዩ ትንሽ ስለሚያሳፍር ስሜን አልጻፍኩም። ባጃጅ ነው የምነዳው፣ 31 ዓመቴ ነው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ስጸዳዳ ደም አያለሁ። ደማቅ ቀይ ነው፤ ሶፍቱ ላይ ይታያል፣ ሲብስበት ጠብ ጠብ ይላል። ሕመም የለውም ማለት ይቻላል። ግን ሳምጥ የሆነ ሥጋ መሳይ ነገር ወደ ውጭ ይወጣና ስነሳ ራሱ ተመልሶ ይገባል።

ለሁለት ጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ ምክራቸው ጭራሽ ግራ አጋባኝ። አንዱ "ኪንታሮት ነው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሰውዬ አለ፣ ዱቄት ያደርግበትና በሳምንት ደርቆ ይወድቃል" አለኝ። ካልወሰድኩህ ብሎ ይዞኛል። ሌላኛው ደግሞ "ሐኪም ጋ ከሄድክ ቆርጠው ነው የሚያወጡት፣ ከዚያ ወር ሙሉ መቀመጥ የለም" ብሎ አስፈራራኝ። ወር ሙሉ ካልተቀመጥኩ ባጃጁን ማን ይነዳልኛል? የባለቤቱን የቀን ገቢስ ማን ይከፍላል?

የግድ ቀዶ ጥገና ነው እንዴ? ፋርማሲ የሚሸጠው ቅባት አይበቃም? በርበሬና ሚጥሚጣ ልተው? ከምሳ በኋላ እቅማለሁ፣ አልዋሽም፤ እሱስ ያገናኘዋል? ጅማ ውስጥ ደግሞ ከየት ልጀምር? የምታውቁ ንገሩኝ፣ በናታችሁ አትሳቁብኝ።

የአዌይቱ ማዶ፦

ማን ይስቃል አቦ፣ ግማሹ ከተማ አለበት፣ የሚናገር ጠፍቶ ነው እንጂ።

ስለ ዱቄቱ ሰውዬ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አጎቴ እንደዚያ ዓይነት ቤት ሄዶ ነበር፣ የት እንደሆነ ይቅር። ያደረገለት ነገር እውነትም አንድ ነገር አድርቆ ጣለ። ችግሩ ደህናውንም ቆዳ አብሮ ማቃጠሉ ነው። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው መውጫውን አጠበበበት፣ ሰገራው እንደ እርሳስ እየቀጠነ በስንት ምጥ ነበር የሚወጣለት። በመጨረሻ የተፈራው ቀዶ ጥገና አልቀረለትም፣ ግን ለኪንታሮቱ ሳይሆን የጠበበውን ለማስፋት ነው። ወላሂ ያን ሕመም ለጠላቴ አልመኝም። ጓደኛህን አመስግነውና እምቢ በለው።

ነርሷ፦

ወንድሜ፣ በቀዶ ሕክምና በኩል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሳላይህ "ይሄ ነው" ልልህ አልችልም፣ ግን ፍርሃትህን የሚቀንስ ነገር መንገር እችላለሁ።

መጀመሪያ ይሄ ነገር ከውጭ መጥቶ የበቀለብህ ባዕድ ሥጋ አይደለም። ማንኛውም ጤነኛ ሰው ከፊንጢጣው ውስጥ በኩል በደም ሥር የተሞሉ ለስላሳ እጥፋቶች አሉት። ሥራቸው መውጫው አየርም ፈሳሽም እንዳያሳልፍ ጥብቅ ብሎ እንዲዘጋ ማገዝ ነው። ድርቀት ሲደጋገም፣ ማማጥ ሲበዛ፣ እርግዝና ሲመጣ፣ ሽንት ቤት ረጅም ሰዓት ሲቆይ እነዚህ እጥፋቶች በደም ይወጠራሉ፣ የያዛቸው ጅማት ይላላል፣ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ኪንታሮት የምንለው ያኔ ነው። ስለዚህ የሕክምናው ዓላማ ሁሉንም ነቅሎ መጣል አይደለም፣ ያበጠውን ማሳነስና የተንሸራተተውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። "ከነሥሩ እናወጣለን" የሚል ማስታወቂያ ስታይ ይሄን አስብ።

የውስጥና የውጭ የሚባል አለ። የውስጠኛው ያለበት ቦታ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም። ለዚህ ነው ደም እያየህ ሕመም የማይሰማህ። የውጪው ግን ቆዳ የለበሰ ነው፤ ድንገት ውስጡ ደም ከረጋ ሰማያዊ የመሰለ ጠንካራ እብጠት ይሆንና ሰው መቀመጥ ይከለክላል። እንደዚያ የሆነበት ሰው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ከመጣ ሐኪሙ በመርፌ አደንዝዞ እብጠቱን ቆርጦ ሊያወጣለትና ሊገላግለው ይችላል። ከዚያ ካለፈ ሕመሙ ራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ በማስታገሻና በለብ ያለ ውሃ ይጠበቃል።

የውስጠኛው አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ይደማል፣ አይወጣም። ሁለተኛው ሲያምጡ ይወጣል፣ ራሱ ይመለሳል። ሦስተኛው በጣት ካልገፉት አይገባም። አራተኛው ወጥቶ ይቀራል። በነገርከን መሠረት ያንተ፣ ኪንታሮት ከሆነ፣ ሁለተኛው ይመስላል። "ከሆነ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ በአብዛኛው ቢላ አይፈልግም። መጀመሪያ የሚሞከረው አመጋገብና የሽንት ቤት ልማድ ነው። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር (ፋይበር የሚባለው፣ አትክልትና ጥራጥሬ ውስጥ ያለው) ያስፈልጋል፤ ውጤቱ ግን በማግስቱ አይመጣም፣ ሳምንታት ይወስዳል። ሰገራን የሚያለሰልስ እንደ ላክቱሎስ ያለ ሽሮፕም ይታዘዛል። በዚህ ደሙ ካልቆመ በጎማ ማሰር አለ። ሐኪሙ በትንሽ ቱቦ እያየ ካበጠው እጥፋት ግርጌ ላይ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ያደርግበታል። ደም ስለማይደርሰው ይሞትና ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ከሰገራ ጋር ይወድቃል፣ አንተ ላታየውም ትችላለህ። የሚታሰረው ነርቭ በሌለበት ቦታ ስለሆነ ማደንዘዣ እንኳን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። የመጨናነቅና ሰገራ የመጣ የመምሰል ስሜት ለአንድ ሁለት ቀን ይኖራል። የዚያኑ ቀን ወደ ቤትህ ነው የምትሄደው። ቀለበቱ ሲወድቅ ትንሽ ደም ቢታይ አትደንግጥ፣ ብዙ ከፈሰሰ ግን ወይም ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት ከከለከለህ ሳትውል ሳታድር ተመለስ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይሄን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት።

እጥፋቱን በመርፌ መድኃኒት ማድረቅም አለ፣ ለትንንሾቹ ነው። እሱም የሐኪም ሥራ ነው፣ በየመንደሩ "መርፌ እንወጋለን" ከሚሉት ጋር አታምታታው። ቆርጦ የሚያወጣው ቀዶ ጥገና የሚመጣው ለአራተኛው፣ ለከፋው ሦስተኛ፣ የውስጡና የውጪው ለተደባለቀበት ወይም ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ላለው ነው።

ቅባቱ? ያሳክከውንና ያቃጠለውን ያስታግሳል፣ እብጠቱን ግን አያጠፋም። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ደግሞ ከሳምንት በላይ አትቀባ፣ ቆዳውን ያሳሳዋል። አንቲባዮቲክ ለኪንታሮት መድኃኒት አይደለም፤ ማንም ቢሸጥልህ አትግዛ።

አሁን ወደ "ከሆነ" ልመለስ። ከዚያ በኩል የሚመጣ ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። ሰገራ ሲወጣ በምላጭ እንደተሰነጠቀ የሚያቃጥልና ከዚያም በኋላ ለሰዓታት የሚያንገበግብ ከሆነ የፊንጢጣ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናው ሌላ ነው። ተቅማጥና ንፍጥ የተቀላቀለበት ደም አሜባ ወይም ሌላ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የሚጠዘጥዝ እብጠት ከትኩሳት ጋር መግል ነው፣ አንድ ቀን አያሳድርም። በቫይረስ የሚበቅል እባጭም አለ። የትልቁ አንጀት ዕጢም በዚሁ በር ነው የሚደማው። ደሙ ከሰገራው ጋር ተደባልቆ ከወጣ ወይም ከጠቆረ፣ ያለ ምክንያት ከከሳህ፣ የሆድህ ልማድ ከተቀየረ፣ ቶሎ ቶሎ ከደከመህ፣ ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የያዘው ካለ፣ ወይም ዕድሜህ 45 ካለፈ "ኪንታሮት ነው" ብሎ መተኛት የለም፣ አንጀቱ ውስጡ ይታያል። ወጣት ነኝ ብሎ መዝናናትም አይሠራም፣ በሠላሳዎቹ የሚመጡም አሉ።

ለዚህ ነው የምጨቀጭቅህ። ዱቄቱ ሰውዬ ጥፋቱ ማቃጠሉ ብቻ አይደለም። ውስጥህን የሚያይበት ነገር የለውም። ያላየውን ነው የሚያክመው።

ቶላ ነኝ ከጅሬን፦

ነርሷ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ግን ምርመራው ራሱ ነው እኮ የሚያስፈራው። ምን እንደሚያደርጉ ንገሪን፣ ብዙ ወንድ እሱን ፈርቶ ነው የሚቀረው።

ነርሷ፦

እውነትህን ነው ቶላ። በጎንህ ትተኛለህ፣ ጉልበትህን ወደ ሆድህ ታጥፋለህ። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በሚያንሸራትት ቅባት በጣቱ ይመረምራል። ከዚያ አጭር ቱቦ አስገብቶ በመብራት ያያል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሰገራ የመጣብህ ይመስልሃል፣ አይመጣም። የፊንጢጣ ስንጥቅ ካለብህ ያምማል፣ እሱን ቀድመህ ተናገር፣ አያስገድዱህም። ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው እንደዚህ እንደሚያይ ብታውቅ የማፈሩ ነገር ይለቅህ ነበር። ሴት ሆና በሴት ባለሙያ መታየት የምትፈልግ ትጠይቅ፣ ካለች ይመደብላታል፣ ከሌለችም ሌላ ሴት አብራት እንድትቆም መጠየቅ መብቷ ነው።

የመንታ እናት፦

እኔ በእርግዝናዬ መጨረሻ ነው የጀመረኝ፣ መንታ ስለነበሩ ክብደቱ ሁሉ ወደ ታች ነው። እህቶቼ ብዙ ጊዜ የሚወቀሱት "በጣም ስላማጥሽ ነው" እየተባሉ ነው፣ ግን በእርግዝና በጣም የተለመደ ነው፣ ብዙው ከወሊድ በኋላ ራሱ ይቀንሳል። እኔም ቀንሶልኛል።

የረዳኝን ልንገርህ። ሰፊ ሳፋ ትገዛለህ፣ ለሌላ ነገር የማይውል። ለብ ያለ ውሃ ትሞላለህ፣ እጅህን የማያቃጥል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትቀመጥበታለህ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከተጸዳዳህ በኋላ ደግሞ በተለይ። ምንም አትጨምርበት። ዴቶል ጨምሪ ያለችኝ ጎረቤት ነበረች፣ ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም። ከዚያ ሳትፈትግ በለስላሳ ጨርቅ ታደርቃለህ። በሶፍት መፈተግ ትተህ በውሃ መታጠቡ ራሱ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቼ በዚህ ቀድመውናል።

ምግብ ላይ ደግሞ ጅማ ተቀምጠን ስለ አሰር ማማረር ነውር ነው። አቮካዶው በየደጁ ነው፣ ፓፓያው አለ፣ ጎመኑ አለ። ጤፍ እንጀራ ጥሩ ነው። ሽሮና ምስር ጥሩ ናቸው። ችግር የሚሆነው ቀኑን ሙሉ ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ማታ ፓስታ የሚበላው ነው፣ ባጃጅ ነጂ ደግሞ እንደዚያ ነው የሚውለው፣ ባሌም ሹፌር ስለሆነ አውቀዋለሁ። ተልባ ቆልተሽ ፈጭተሽ በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ ያለችኝ እናቴ ናት፣ እሷ ሠርታልኛለች። ግን ከላዩ ብዙ ውሃ ካልጠጣህ ተልባ ራሱ ያደርቅሃል፣ ይሄን ልብ በል።

ነፍሰ ጡሮች ደግሞ አይረን (የደም ማነስ ኪኒን) ስትወስዱ ሰገራ ይጠቁራል፣ ይደርቃልም። ድርቀቱ ቢያስቸግራችሁ ለክትትል ባለሙያዋ ንገሯት እንጂ ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ።

እውነት ተናጋሪ፦

ሁላችሁም ባህላዊ ሕክምናን ትኮንናላችሁ። አያቶቻችን ሆስፒታል ነበራቸው? በቅጠል ነው የዳኑት። የፈረንጅ ኪኒን ብቻ ነው መድኃኒት ያለው ማነው? እኔ የማውቀው ሰው በባህል መድኃኒት ድኗል፣ ጥርት ብሎ።

ነርሷ፦

ቅጠልን ማን ኮነነ? ተልባ የባህል ነው፣ እኔም እመክራለሁ፣ ለብ ያለው ውሃም የባህል ነው። የምቃወመው የሚያቃጥል ነገር በፊንጢጣ ላይ ማድረግን ነው። እዚያ ቦታ ሰገራን የሚይዝ ጡንቻ አለ። ዱቄቱ ኪንታሮቱን ከጡንቻው አይለይም። ጡንቻው ከተጎዳ ሰውየው ሰገራውን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ጠባሳ ከሠራ ደግሞ የአዌይቱ ማዶ አጎት የደረሰበት ይደርሳል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

"የማውቀው ሰው ድኗል" ያልከውም እውነት ሊሆን ይችላል። ኪንታሮት ይመጣል ይሄዳል፤ ምንም ሳታደርግበትም ለወራት ዝም ሊል ይችላል። በዚያ መሀል ዱቄት የነካው ሰው ምስጋናውን ለዱቄቱ ይሰጣል።

ጋሽ ጡረተኛ፦

ልጆች፣ እኔ ቀዶ ጥገናውን ያደረግኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ስለ እሱ የሰማችሁትን ላጥራላችሁ።

የእኔ ለዓመታት የቆየ ነበር። መጀመሪያ ራሱ ይመለስ ነበር፣ ኋላ በእጄ ነበር የምመልሰው፣ በመጨረሻ መመለስም አቃተው። ደሙ ጥቂት ጥቂት ስለሆነ አልቆጠርኩትም። መምህር ነበርኩ፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ዕድሜ ነው እል ነበር። ስመረመር የደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ደምም ለዓመታት ከፈሰሰ ይህን ያደርጋል። ሐኪሙ ግን ኪንታሮቱን ስላየ ብቻ አልተወውም፤ አንጀቴን በካሜራ አስመርምሮ ሌላ ነገር እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ነው ለቀዶ ጥገና የቀጠረኝ። አይረንም ታዞልኝ ደሜ ከተስተካከለ በኋላ ነው የገባሁት።

ማደንዘዣው በወገብ የሚሰጥ ነው፣ ከወገብ በታች አይሰማችሁም፣ እያወራችሁ ያልቃል። የሚያምመው ኋላ ነው፣ አልሸፍንም። የመጀመሪያው መጸዳዳት ከባድ ነው። እሱን ፈርቶ ምግብ የሚተው ሰው አለ፣ ትልቅ ስህተት ነው፣ ይደርቅበትና ይብስበታል። ሰገራ ማለስለሻውን ሳላቋርጥ ወሰድኩ፣ ማስታገሻዬን በሰዓቱ ወሰድኩ፣ ሳፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሽንት እምቢ ብሎኝ ነበር የመጀመሪያው ማታ፣ ለጊዜው ቱቦ ገብቶልኝ አለፈ። ሁለት ሳምንት ያህል ጠንካራ ሕመም ነው፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከወር በላይ ይሄዳል። ቁስሉ አልተሰፋም፣ ክፍት ነው የተተወው፣ ልጄ አይታ ደንግጣ ነበር፣ ግን አሠራሩ ነው፤ ሚሊጋንና ሞርጋን የሚባሉ ሐኪሞች በ1937 ያሳወቁት ነው አሉኝ። ፈርጉሰን የሚባለው ደግሞ በ1959 የሚሰፋውን መንገድ አሳወቀ። ሐኪሙ ለማን የትኛው እንደሚሻል ያውቃል።

ባለ ሦስት እግር ልጄ፣ አንተ ገና እዚህ አልደረስክም። እዚህ እንዳትደርስ ነው አሁን የምትሄደው።

ነርሷ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከኔ በላይ ነው የገለጹት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ የታዘዘለት ሰው ካለ ድርቀት ያመጣል፣ ስለዚህ ማለስለሻው አብሮ መኖር አለበት።

ባለ ሦስት እግር፣ ስለ ጫት የጠየቅከውን ሁላችንም በጎን አልፈነው ሄድን፣ ጅማ ስለሆንን ይሆናል። ያገናኘዋል። ጫት ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አንጀትን ያደርቃል፣ ምርቃናው ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሰውየው ምሳ ሳይበላ ይቅማል፣ ማታም አይበላም፣ ለሰዓታት ተቀምጦ ይውላል፣ በማግስቱ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሰገራ ያምጣል። በርጫን ተው ብዬ ብጽፍልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። መተው ከቻልክ ኪንታሮትህ ያመሰግንሃል። ካልቻልክ ቢያንስ መጀመሪያ ብላ፣ ጎመንና ሽሮ ያለበት ምግብ። የምትቅምበትን ቀን ቀንስ። በኮካ ፋንታ ውሃ ይቅረብ።

በርበሬና ሚጥሚጣ ኪንታሮት አያመጡም። የቆሰለ ቦታ ላይ ሲወጡ ግን ያቃጥላሉ፣ ደሙ እስኪረጋ ቀነስ አድርጋቸው። ቡናም አያመጣም። እንዲያውም የጠዋት ቡና አንጀትን ያንቀሳቅሳል፤ ቁርስና ቡና ጨርሰህ ሰገራ ሲመጣብህ ያን ሰዓት አታሳልፈው።

ባጃጅ ነጂዎች የምትበላሹት እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ሰው ይበዛል፣ ሥራ አያመልጠኝ ብላችሁ ትይዙታላችሁ። በየመንገዱ ደግሞ የሚገባበት ሽንት ቤት የለም። ሰገራ በተያዘ ቁጥር አንጀት ውሃውን ይመጥጠውና ይደርቃል። ማታ ቤት ስትገቡ ስልክ ይዛችሁ ሽንት ቤት ትገባላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ቁጢጥ ብላችሁ ቲክቶክ ታያላችሁ። ያ ሁሉ ደም ወደ ታች ነው የሚወርደው። ስልኩን ውጭ ተወው። አምስት ደቂቃ ካልመጣ ተነስ፣ ሲመጣ ትመለሳለህ።

ባለ ሦስት እግር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ነርሷና ጋሽ። ስልኩን እንዴት አወቅሽብኝ ግን?

ጓደኛዬን እምቢ ብየዋለሁ፣ ትንሽ አኩርፏል። የጤና መድህን ደብተር አለን፣ ባለቤቴ ናት ያሠራችው። በሱ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል መሄድ እችላለሁ? እና ጠዋት ከመሄዴ በፊት ሆድ ማጠብ ምናምን አለው?

ነርሷ፦

በመድህን ከሆነ ከጤና ጣቢያ ነው የምትጀምረው፣ የተመዘገብክበት ጤና ጣቢያ ማለቴ ነው። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄድክ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ከኪስህ ትከፍላለህ። እነሱ ያዩሃል፣ የሰገራና የደም ምርመራ ያሠሩልሃል፣ የሚያስፈልግ ከሆነ ሪፈር ይጽፉልሃል፣ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሜዲካል ሴንተር። የሪፈር ወረቀቱን ማኅተም መኖሩን ሳታይ ከግቢ አትውጣ፣ ስንቱ ነው ለማኅተም ብቻ የሚመላለሰው።

ለመጀመሪያው ምርመራ ሆድ ማጠብ የለውም። ከቻልክ ተጸዳድተህ ሂድ፣ በቃ። ስትገባ "ሆዴን ያመኛል" ብለህ ዙሪያ አትሂድ። "ስጸዳዳ ደም አያለሁ፣ ሥጋ መሳይ ነገርም ይወጣና ራሱ ይመለሳል" በል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ንገራቸው፣ ሳያዩህ ኪኒን ጽፈው ከሰጡህ "አላያችሁኝም እኮ" ብለህ ጠይቅ። ሄሞግሎቢንህንም (ደም ማነስ እንዳለብህ የሚያሳየውን) ይዩልህ።

እስከዚያ ድረስ ግን ደሙ ጨርቅ እስኪያርስ ቢወርድ፣ ስትነሳ ቢያዞርህ ወይም የወጣው አልመለስ ብሎ ጠቁሮ ቢያምምህ ጤና ጣቢያ ምናምን የለም፣ የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

የአዌይቱ ማዶ፦

ሰኞ ጠዋት አትሂድ፣ ካርድ ክፍሉ ጋ ሰልፉ አይቻልም። ማክሰኞ በጊዜ ሂድ። ባጃጁን ያን ጠዋት እኔ እይዝልሃለሁ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።